ዝናብ ሳይደርስ ገመዱን አላሉ

ደሴ፤ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። ደሴ ክረምቱን ሸኝታ ብርዷን ተቀብላለች። የጦሳ ተራራ ማለዳ ማለዳ ጉሙን ተከናንቦ ነው የሚታየው፤ ረፋዱ ላይ ካልሆነ አናቱን አይገልጥም።

ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ አንዲት ቃል አልላክሁልህም። ምክንያቱን ሳታውቀው አትቀርም፤ ቢሆንም ከእኔ አፍ ልትሰማው ይገባል። እትዬ ያረፉ ጊዜ ስልክ በማይሠራበት ወረዳ ለከብት ክትባት ወጥቼ ነበር። መርዶውን የሰማሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በዚያው ዕለት ተነሥቼ ሐዋሳ መውረድ ነበረብኝ፤ አልወረድኩም። ለአርባቸው እደርሳለሁ አልኩ፤ አርባው አለፈ። ለሙት ዓመታቸው አልኩ፤ እርሱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ ስልክህን ልደውል ባልኩ ቁጥር «በምን አፌ» የሚል ነገር እጄን ይይዘው ጀመር። እናትህ እንጀራቸውን ከአንተ እኩል ቆርሰው ያሳደጉኝ ሰው፣ ለቅሷቸውን ሳልደርስ ቀረሁ። ይህን ማንም ሳይከሰኝ አውቀዋለሁ። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሐዋሳ የመጣ ወዳጃችን ቧንቧ ውሃ አጠገብ አገኘኝና አሮጌ ሱዙኪ ሳሙራይ መኪና እንደገዛህ፣ የጣሪያዋ ሸራ እንዳለቀና አዲስ ልታሰፋላት እንዳሰብህ ነገረኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ እዚህ ሁለት ክረምት ከሸራ ሥር ከርሜ፣ የከፋውንም የበጀውንም ለይቼ፣ አንተ እዚያ ከዜሮ ልትጀምር ነው ብዬ ተብሰለሰልኩ። ስለዚህ ብዕር አነሣሁ። የምነግርህ ብዙ ነው፤ ታገሠኝ።

ላንድሮቨሬን ታስታውሳታለህ፤ አጭሯን፣ አረንጓዴዋን። ነሐሴ 2015 ላይ ሌሊት በተነሣ ነፋስ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ተገንድሶ ጣሪያዋ ላይ ወደቀ። ሰው አልነካም፤ ተመስገን። የእነዚህ መኪኖች አካል አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ነገር ግን አንዴ ከተጨማደደ እንደ ብረት በተራ ብየዳ አይጠገንም። በያጁ ዞር ዞር ብሎ አየውና «ዶክተር፣ ይህ ጣሪያ አብቅቶለታል» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሸራው የታየኝ። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ብቅ ስትል ልብሷ ሸራ ነበር። የእኔዋም ብትሆን ጣሪያዋ የተያዘው በብሎን ብቻ ነው፤ የበሮቿ የላይኛ ግማሽ ዳዶ ሲፈታ ተነሥቶ ይወጣል፤ የፊት መስታወቷም ከነክፈፉ ወደ ኮፈኑ ይተኛል። መጀመሪያውኑ እንድትለብስና እንድትወልቅ ሆና የተሠራች ናት።

መፍታቱ ግን በአፍ እንደሚወራው አልነበረም። ብሎኖቹ ብረት፣ የያዙት አሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ውሃ ሲያገኛቸው ይበላላሉ፣ ይነካከሳሉ። ሁለት ቀን ናፍጣ እያጠጣሁ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን አብዛኞቹ እሺ አሉ፤ ስምንቱን በመጋዝ ቆረጥናቸው። አራት ሆነን ጣሪያውን ስናነሣ፣ ለሰላሳ ዓመት ጨለማ የነበረው የኋላ ወለል ላይ የጠዋት ፀሐይ ወረደ። ትንሿ ልጄ ዘላ ገብታ መሐል ላይ ቆመች፤ አልወርድም አለች።

ከዚያ ቸኮልኩ። ክረምቱ አልወጣም ነበርና ኮምቦልቻ ወርጄ ለጭነት መኪና የሚሆን የላስቲክ ሸራ ገዛሁ፤ እዚያው ሰፍተው አለበሱልኝ። ውሃ አያስገባም፣ ርካሽ ነው፣ አበቃ ብዬ ነበር። ያን ሸራ እንዳትደግመው ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ። ላስቲክ አይተነፍስም። ደሴ ብርድ ውስጥ ሁለት ሰው ሆነህ ስትቀመጥ ትንፋሽህ ጣሪያው ላይ ጤዛ ይሆንና ተመልሶ አንገትህ ላይ ይንጠባጠባል፤ ውጭ ዝናብ ሳይኖር ውስጥ ይዘንባል። ማለዳ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ደግሞ ይልመሰመሳል። እኔ ይህን መንገድ በየቀኑ ስለምመላለስበት ነገሩ ጎላብኝ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ትወርዳለህ፤ ሰኞ ባቲ ገበያ የሄድኩ እንደሆነ ከዚያም በታች ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ በአንድ ቀን። ሸራው ጠዋት ተኮማትሮ፣ ቀትር ላይ ተለጥጦ፣ ማታ እንደገና ተኮማትሮ፣ በስምንት ወሩ እጥፋቱ ሁሉ ተሰነጣጠቀ።

በዚያ ላይ የልክ ነገር ነበረበት። ሸራውን በሚሸከሙት የብረት ቅስቶች መሐል ጨርቁ ረግቦ ነበር። በሐምሌ አንድ ቀን ማታ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስወጣ ዝናቡ ሳያባራ፣ የረገበው ቦታ ውሃ ቋጠረ። አላየሁትም። ከፊቴ በጉሙ ውስጥ አህዮች ብቅ ሲሉ ፍሬን ያዝኩ፤ የተቋጠረው ውሃ በሙሉ ወደ ፊት ተንደርድሮ መስታወቱ ላይ ተደፋ። ለቅጽበት ምንም አልታየኝም። ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ ታውቃለህ። እግዚአብሔር አወጣኝ፤ አህዮቹም እኔም ተረፍን። ዳር ይዤ ቆሜ ለረጅም ጊዜ መሪውን አልለቀቅኩም። ማግስቱን ያን ሸራ አውልቄ ጣልኩት።

ሐጂን ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው። ደሴ ውስጥ ድንኳንና ሸራ እየሰፉ ያረጁ ሰው ናቸው። መኪናዋን ዞረው አዩ፤ ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ «በመጀመሪያ ቡና እንጠጣ» አሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ስለ ሸራ አንዲት ነገር አላነሡም። እኔ ተቁነጠነጥኩ። በረካው ላይ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «አብሽር፣ ይሠራል፤ ጨርቁ ግን ጥጥ ይሁን» አሉኝ።

ጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ ያብጣል፤ ሲያብጥ በሽመናው መሐል ያለው ቀዳዳ ይዘጋል። ውሃ የሚከለክለው በዚህ ነው። ለዚህም ነው አዲሱ ሸራ በመጀመሪያው ዝናብ ጥቂት ሲያንጠባጥብ ብታይ መደናገጥ የማይገባህ፤ ረጥቦ ደርቆ፣ ረጥቦ ደርቆ ነው የሚገጥመው። ስፌቱንም በጥጥ ክር ካሰፋኸው መርፌው የበሳውን ቀዳዳ ክሩ ራሱ አብጦ ይደፍነዋል። ግን ጥጥ ይሰበሰባል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሐጂ ጨርቁን ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደሩት፤ ጥላ ላይ አደረቁት፤ ደገሙት። ከዚያ በኋላ ነው መቀሱን ያነሡት። እንዲያም ሆኖ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ሰጡ። የአንተ ሰፊ «ልኩን ወስጃለሁ፣ ነገ ና» ካለህ ጨርቁን ይዘህ ውጣ።

የስፌቱን ነገር ልብ ብለህ እይ። ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ ተቆላልፈው ታጥፈው ድርብ ስፌት ያርፍባቸዋል፤ የላይኛው ጨርቅ ሁልጊዜ የታችኛውን ይደርባል፤ እንደ ጎጆ ክዳን ማለት ነው። ሸራው አልቆ ከተዘረጋ በኋላ ሐጂ ከማር ነጋዴ ያስመጡትን ጥሬ ሰም አወጡ። ስፌት ስፌቱን እየተከተሉ በሰሙ ጠረጉት፤ ተንበርክከው፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይዘሉ። ከዚያ የከሰል ካውያ አሙቀው በላዩ ላይ አሳለፉበት። ሰሙ እየቀለጠ ክሩ ውስጥ ሲሰምጥ ነጩ ስፌት ወደ ወርቃማ ይለወጥ ነበር። ቤቱ ማር ማር ሸተተ። ካውያው በጣም ከጋለ ጨርቁን ያሳርራል፤ እርሳቸው በየጊዜው በውሃ በረጠበ ጣታቸው ነካ እያደረጉ ድምፁን ይሰሙ ነበር። ሲጮኽ ያስቀምጡታል፣ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ጣት እንደሰሙ እንጃ፤ እኔ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

ለቅስቶቹ በያጁ ሦስት የቱቦ ብረት አጎበጠልኝ። በቅስት መሐል ውሃ እንዳይቋጠር ከፊት ወደ ኋላ ሦስት ጠንካራ ጠፍሮች ወጥረን ሸራው በእነርሱ ላይ እንዲያርፍ አደረግን፤ ያ የሐረጎው ነገር ከዚያ ወዲህ አልደረሰብኝም። የአንተዋ ከነቅስቷ ስለምትመጣ ይህ ድካም ይቀርልሃል፤ ጠፍሮቹን ግን አትተው።

ሌላ የማልደራደርበት ነገር አለ። ሸራ ከፀሐይና ከዝናብ ይከልላል እንጂ መኪና ሲገለበጥ ሰው አያድንም። ከመቀመጫዬ ጀርባ ወፍራም የመከላከያ ቅስት አስበይጃለሁ፤ እግሩን ያሳረፍኩት ሻንሲው ላይ ነው እንጂ አሉሚኒየሙ ላይ አይደለም። ሳሙራይ አጭርና ጠባብ፣ ቁመቷ ላቅ ያለ መኪና ናት፤ ልጆችህን ጭነህባት ከመሄድህ በፊት ይህን ጨርስ። ቀበቶም ይታሰር። እንደ ታላቅ ወንድም እየተናገርኩህ ነው።

ኑሮውስ እንዴት ነው ትለኝ ይሆናል። ጫጫታ አለው፤ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ስትነዳ ሸራው መምታት ይጀምራል፤ ስለዚህ አልቸኩልም። ስርቆትም አለ፤ ቢላዋ የያዘ ሁሉ በር አለው። የክትባት ዕቃዬንና መፍቻዎቼን ወለሉ ላይ በብሎን በታሰረ የብረት ሣጥን ቆልፌ እይዛለሁ፤ ሌላውን ይዤው እወርዳለሁ። አንድ ነገር ግን ከልብህ ያዝልኝ፤ የኋላውን መጋረጃ ብቻ ከፍተህ በፍጹም አትንዳ። መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳና አቧራውንም የጭስ ማውጫውንም ጭስ ስቦ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። በአንድ የጠጠር መንገድ ላይ ረዳቴ ራሱን ይዞ «ዞረብኝ» ሲል ነው የገባኝ። ወይ ሁሉንም ጎን ክፈት፣ ወይ የኋላውን ዝጋና ከፊት አየር አስገባ። ላንድሮቨር ከመስታወቷ ሥር ሁለት የአየር መክፈቻዎች አሏት፤ እነርሱን ስከፍት ንፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚገፋ አቧራው ይቀንሳል።

የጎን መስኮቶቹ ግልጽ ላስቲክ ናቸው፤ እንደ ሕፃን ዓይን ተጠንቀቅላቸው። አቧራ ላያቸው ላይ እያለ በደረቅ ጨርቅ ከጠረግሃቸው በአንድ ሳምንት ይፈዛሉ። በብዙ ውሃ አጥበህ፣ ለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርግ። ብርድ ላይ እንዳትጠቀልላቸው፤ ይሰነጠቃሉ። ሐዋሳ ብርድህ እንደ እኛ አይደለምና የአንተ ጠላት ፀሐይዋ ናት፤ ጥላ ፈልገህ አቁማት። ሸራውም ረጥቦ እያለ ታጥፎ አይደር፤ በሦስት ቀን ጥቁር የሻጋታ ነቁጥ ያወጣል፤ ያ ነቁጥ ደግሞ ጨርቁን ይበላዋል። ባለፈው ሐምሌ ፀሐይ ጠፍታ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሳላወርደው ተወጥሮ እንዲቆይ ተውኩት፤ ምንም አልሆነም። ዝናብ ላይ ሳለህ ደግሞ ከውስጥ በጣትህ አትንካው። የነካኸው ቦታ ላይ ውሃው መንገድ ያገኝና መንጠባጠብ ይጀምራል። ቅስቱ የሚነካው ቦታም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ ፍትጊያው ጨርቁን ይበላዋል። ስለዚህ በቅስቱና በሸራው መሐል ተጨማሪ ጨርቅ ይሰፋል። ወደዚህ ጨርቅ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ሸክም ብቻ መስሎህ እንዳይሆን። መስከረም ላይ ጎኖቹን ጠቅልዬ ወደ ሐይቅ ስነዳ አደይ አበባው ክንዴ ድረስ ነበር። ገበሬው ከማሳው ሰላም ሲለኝ ድምፁን እሰማለሁ፤ ቆሜ ስለ ላሙ እንነጋገራለን። በዱሮው ጣሪያ ሥር ሆኜ በዚያው መንገድ ስንት ዓመት ተመላለስኩ፤ ይህን ሁሉ አልሰማሁም ነበር።

ሸራው ተገጥሞ፣ ሐጂ ገመዱን በቀለበቶቹ እያሳለፉ በጎን መንጠቆዎች ላይ ሲያስሩ እኔ ኃይለኛ ነኝ ብዬ አንዱን ጫፍ ሳብኩት። ደመናው ጠቁሮ ነበርና እንዲጠብቅ ፈልጌ ነው። እጄን ያዙኝ። «አላላው ልጄ። ዝናቡ ሳይደርስ አላላው። ቃጫ ሲረጥብ ራሱ ይጠብቃል።»

ይህን የሰማሁት ከማን አፍ እንደነበር ታውቃለህ። ሰኞ ገበያ፣ የእትዬ የቅመም ዳስ ሥር፣ ሁለታችን ከትምህርት ቤት መልስ ቦርሳችንን ጥለን። ደመናው ከጦሳ ጀርባ ሲመጣ እኛ ገመዱን ለማጥበቅ ስንሽቀዳደም፣ እርሳቸው ኮረሪማውን በነጠላቸው እየሸፈኑ «ዝናብ ሳይደርስ ገመዱን አላሉ!» እያሉ ይጮኹብን ነበር። አንተ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም። ገመዱ ሲረጥብ እያጠረ፣ ሸራውም እየተኮማተረ ሁለቱ ሲጓተቱ፣ ወይ ካስማው ይነቀላል ወይ ቀለበቱ ከነጨርቁ ይቦጨቃል። ይህን በሃምሳ ዓመቴ ገና ገባኝ። ሐጂ ፊት እንባዬ መጣ። ምን ሆንክ አላሉኝም፤ ገመዱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው አሰሩት።

እትዬ አንተ ዘንድ ሊሄዱ ከደሴ ሲነሡ የዳሳቸውን ሸራ አጥፈው ለእኔ ትተውልኝ ነበር፤ ትዝ ይልሃል አይደል? «ለዝናብ ቀን ይሆንሃል» ብለው። ቆጥ ላይ ተቀምጦ ኖረ። ያን ዕለት አውርጄ ለሐጂ ወሰድኩላቸው። ዳር ዳሩ ነፍሷል፤ መሐሉ ግን እንደ አዲስ ነው። ከመሐሉ ቆርጠው ሦስቱም ቅስቶች ላይ፣ ብረቱና ሸራው በሚነካኩበት በኩል ደረቡት። የትልቁን ሸራ ፍትጊያ ሁለት ክረምት የተሸከመው እርሱ ነው፤ እስካሁን አንድ ክር አልፈታም።

በጥር ና። ዝናብ የለም፣ ሸራውን አውልቀን እንጠብቅሃለን። በአውሮፕላን ከመጣህ ኮምቦልቻ ማረፊያው ድረስ ወርጄ እቀበልሃለሁ፤ ሐረጎን ሰማዩ ተከፍቶ እንወጣዋለን። ወፍራም ጋቢ ያዝ። ካልተመቸህም ንገረኝ፤ እኔ እመጣለሁ። መቃብራቸው ላይ ቆሜ የምላቸው ነገር አለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ያ ወዳጃችን አንድ ጥቅል ይሰጥሃል። ከእትዬ ሸራ የተረፈ ነው፤ ሁለት ክንድ ተኩል ይሆናል፤ ለሳሙራይዋ ቅስቶች ይበቃል። ሰፊው በድርብ ይስፋልህ፤ ክሩ ጥጥ ይሁን። ሲረጥብ አሁንም ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። ሳሙና አታስነካው።

ወንድምህ፤
ከደሴ